ጎተራው ከመኸሩ ይቅደም

መስከረም 2018 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ጥቅምት 2025 መጀመሪያ ላይ፣ በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ። በዚያ ሰሞን እዚህ ሾርት ኖርዝ የምንገናኝ ጓደኛሞች ሁለት ቦታ ተከፈልን። ግማሹ «በቃ፣ ዱባይ ልንሆን ነው» አለ። ግማሹ ደግሞ «ጋዙም እንደ ሌላው ይበላል፣ ለሕዝብ የሚደርስ ነገር የለም» አለ። ሁለቱም ወገን ከልቡ ነበር የሚናገረው። እኔ ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ የዘለሉ ይመስለኛል። ጥያቄው ገንዘቡ ይመጣል ወይስ አይመጣም፣ ይሰረቃል ወይስ አይሰረቅም ብቻ አይደለም። ዋጋው ሲወጣ መንግሥት ምን ያህል ያወጣል? ዋጋው ሲወድቅስ ከየት ያመጣል? በነዳጅ የሚኖሩ አገሮችን ያበለጸገውም ያናወጠውም ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ከጋዙም ሆነ ዛሬ ዋጋው ሰማይ ከነካው ወርቅ የሚገኘው የመንግሥት ገቢ እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚቀመጥ የሚደነግግ ሕግ ያስፈልገናል። ሕጉም ገንዘቡ በብዛት መፍሰስ ከመጀመሩ በፊት መውጣት አለበት። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ እያንዳንዱ ብር ባለቤት ይኖረዋል፣ ባለቤት ያለውን ብር ደግሞ ቁጠባ ውስጥ ማስገባት ከባድ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መናወጡ ከየት ይመጣል?

ነዳጅ ሻጭ አገር የሚሸጠውን ነገር ዋጋ አይወስንም። በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው በርሜል በጥር 2016 ከ30 ዶላር በታች ወረደ። ሚያዝያ 2020 ላይ ወረርሽኙ ዓለምን ቤት ሲዘጋባት፣ እዚህ አሜሪካ ለአንድ ቀን የወደፊት ውል ዋጋው ከዜሮ በታች ሆነ፤ ሻጩ ለገዢው ከፍሎ ነዳጁን ውሰድልኝ ያለበት ቀን ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር እንደገና ከ100 ዶላር አለፈ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የነዳጅ ገንዘብ እንደ ቡና ገንዘብ በሺዎች በሚቆጠሩ ገበሬዎች እጅ አይገባም። የሚገባው በአንድ በር ነው፣ እሱም የመንግሥት ካዝና ነው። ከካዝናው ወደ ሕዝብ የሚደርሰው በደመወዝ፣ በግንባታ፣ በድጎማ ነው። ስለዚህ የዓለም ገበያ መናወጥ ወደ ሰፈር የሚገባው በበጀቱ በኩል ነው ማለት ነው። ዋጋው ሲወጣ መንግሥት ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ሕንፃ ይጀምራል፣ ድጎማ ይጨምራል፣ ባንኮችም በዚያው ተስፋ ያበድራሉ። ዋጋው ሲወድቅ የተቀጠረውን ማባረር አይቻልም፣ ድጎማውን ማንሳት ሰልፍ ያስነሳል። ያለው አማራጭ ግንባታውን ማቆም፣ ለሥራ ተቋራጩ አለመክፈልና መበደር ነው። ኢኮኖሚው በሚደክምበት ሰዓት በጀቱም አብሮ ይደክማል። ክፍል ውስጥ የምንማረው መንግሥት በክፉ ቀን እንዲያወጣ፣ በደግ ቀን እንዲሰበስብ ነው። ብዙ ነዳጅ ሻጮች ግን ተቃራኒውን ሲያደርጉ ኖረዋል። «ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ይባላል፤ ችግሩ ቅሉ ቀኑ ሲያልፍም ድንጋይ የሆነ መምሰሉ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ኔዘርላንድ በ1959 ግሮኒንገን ላይ ከፍተኛ ጋዝ አገኘች። ከሽያጩ የገባው የውጭ ምንዛሪ ገንዘቧን አጠነከረው፣ ፋብሪካዎቿ የሚሠሩት ዕቃ በውጭ ገበያ ተወደደ፣ ገዢም ራቃቸው። ይህ ነገር «የኔዘርላንድ በሽታ» ተብሎ በመማሪያ መጻሕፍት ቀርቷል። ወደ እኛ ስናመጣው በሽታው የሚይዘው የሲዳማን ቡና አምራች፣ የቢሾፍቱን አበባ አብቃይና የሐዋሳን የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው።

የሌሎች በጀት፣ የእኛ ቤት

ኢትዮጵያ ነዳጅ ሻጭ ሳትሆን የነዳጅ ሻጮችን በጀት መውጣትና መውረድ ስትቀምስ የኖረች አገር ናት። ቤተሰቡ ውስጥ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሄደ ሰው የሌለው አንባቢ ጥቂት ይመስለኛል።

በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ ያላነሱ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ያ በነዳጅ ዋጋ መውደቅ የመጣ አልነበረም፤ ዋጋው ያኔ ከፍተኛ ነበር፣ ምክንያቱም የሥራ ገበያ ፖሊሲ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን የዋጋ ጉዳይ ነው። ከ2014 በኋላ ዋጋው ሲወርድ መንግሥታቱ ግንባታ አቆሙ፣ ክፍያ አዘገዩ። ሳዑዲ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በውጭ አገር ሠራተኞች ቤተሰብ ላይ በነፍስ ወከፍ ወርኃዊ ክፍያ ጣለች። በጥር 2018 ተጨማሪ እሴት ታክስ በ5 በመቶ ጀመረች፣ በሐምሌ 2020 ደግሞ ዋጋው እንደገና ወድቆ ሳለ ወደ 15 በመቶ አሳደገችው።

አክስቴ በዚያ ዘመን ከእነዚህ አገሮች በአንዱ የቤት ሠራተኛ ነበረች። የቤቱ አባወራ የሚሠራበት የግንባታ ድርጅት ለወራት ደመወዝ አልከፈለውም፤ እሱም እሷን ለአራት ወር አልከፈላትም። ስልክ ስትደውል «ነዳጅ ወደቀ ይሉኛል፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ትል ነበር። ደሴ ውስጥ የአጎቴ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ከእሷ ነበር የሚላከው። በዚያ ዓመት ልጅቱ ከግል ትምህርት ቤት ወጥታ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባች። የአንድ ነዳጅ ሻጭ አገር የበጀት ውሳኔ በሁለት ዝላይ ደሴ ደረሰ ማለት ነው። ስለ «የፊስካል ፖሊሲ» ስናወራ ብዙ ሰው ያዛጋል፤ እኔ ግን የዚያች ልጅ የደንብ ልብስ መቀየር ትዝ ይለኛል።

በሌላ በኩል ደግሞ እኛ ነዳጅ ገዢ ነን። ዋጋው ሲወጣ የባሕረ ሰላጤው ሥራ ይደራል፣ የእኛ የነዳጅ ሒሳብ ግን ያብጣል። መንግሥት ለዓመታት ልዩነቱን በድጎማ ሲሸፍን ቆይቶ፣ ዕዳው ሲቆለል ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀመረ። የታክሲ ዋጋና የጤፍ ማጓጓዣ ተከትለው ወጡ። ስለዚህ ለእኛ የነዳጅ ዋጋ ወጣም ወረደ አንድ በር ያንኳኳል።

ቡናም ነዳጃችን ነበር

«እኛ በዚህ ነገር አዲስ ነን» የሚል ካለ፣ አይደለንም። የእኛ ነዳጅ ለብዙ ዘመን ቡና ነበር።

በሐምሌ 1975 ብራዚል ውስጥ ከባድ ውርጭ የቡናውን ተክል አቃጠለው። የዓለም ዋጋ መውጣት ጀመረ፣ በ1977 አንድ ፓውንድ ቡና ከ3 ዶላር በላይ ሆነ። ደርግ ቡና ላይ ከፍተኛ ቀረጥ ጥሎ ነበር፤ ከትርፉ ለገበሬው የደረሰው ትንሽ ነው፣ ብዙው ካዝና ገባ። በዚያው በ1977 የሶማሊያ ጦር ወረረን፣ በሰሜንም ጦርነት ነበር፣ ገንዘቡ ወደ ጦር ሠራዊት ሄደ። አገር ሲወረር መከላከል ግድ ነው፤ ይህን አልወቅስም። የምለው ሌላ ነው። ያ የተትረፈረፈ ዓመት ሲያልፍ የቀረ ጎተራ አልነበረም። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ ድርቁ ወሎንና ትግራይን ሲመታ አገሪቱ እጇን ወደ ውጭ ነው የዘረጋችው። ሰባት የጥጋብና ሰባት የረሃብ ዓመታት፤ የዮሴፍን ታሪክ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የሰማ ሕዝብ፣ የታሪኩን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ኖረው።

ሐምሌ 1989 ላይ ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ ሲፈርስ ዋጋው በወራት ውስጥ በግማሽ ገደማ ወደቀ፤ የደርግ የመጨረሻ ዓመታት የውጭ ምንዛሪ እጦት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ2001 ደግሞ ፓውንዱ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። በሐረርጌ ገበሬዎች ቡናቸውን ነቅለው ጫት ተከሉ። አሁን በየካቲት 2025 ዋጋው ከ4 ዶላር አልፎ ታሪካዊ ከፍታ ነካ። ሐይ ስትሪት ላይ የይርጋጨፌ ቡና አንድ ሲኒ ስንገዛ «ተወደደ» እንላለን፤ ተወዶ የሚቆይ ግን አይምሰለን።

ወርቁም እንዲሁ ነው። በ2017 የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ወርቅ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ቡናን ቀደመው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ወርቁን ከኮንትሮባንድ ወደ ብሔራዊ ባንክ መልሶታል፤ ይህ የፖሊሲ ውጤት ነው፣ ይመሰገናል። የቀረው ግን የዋጋ ነው። በጥቅምት 2025 አንድ አውንስ ወርቅ ከ4 ሺህ ዶላር አለፈ። ያ ዋጋ የአዲስ አበባ ውሳኔ አይደለም። የወጣበትን ምክንያት እኛ እንዳልፈጠርነው፣ የሚወርድበትንም ቀን እኛ አንቆርጥም።

ከሩቅም ከቅርብም

ምሳሌ ለመፈለግ ኖርዌይ ድረስ መሄድ የለብንም፤ ከኦሃዮ እንጀምር። ሾርት ኖርዝ ዛሬ በብርሃን ቅስቶቹ ይታወቃል። ኮሎምበስ «የቅስቶች ከተማ» የተባለችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቅስቶች ከእንጨት የተሠሩና በጋዝ የሚበሩ ነበሩ። በዚያው ዘመን ከዚህ በስተሰሜን ፊንድሌ በምትባል ከተማ በጥር 1886 «ካርግ» የተባለ ታላቅ የጋዝ ጉድጓድ ተከፈተ። ከተማዋ የማያልቅ መሰላት። ፋብሪካ ለሚተክል ሁሉ ጋዝ በነጻ ወይም በከንቱ ዋጋ ሰጠች፣ የመስታወት ፋብሪካዎች ጎረፉ፣ በ1887 ትልቅ የጋዝ ኢዮቤልዩ ደገሰች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጉድጓዶቹ ግፊት ደከመ፣ ብዙዎቹ ፋብሪካዎችም ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ ሆኖ «ጋዝ አገኘን» ብሎ የሚጨፍር ሰው ስለ ፊንድሌ ትንሽ ቢያነብ ጥሩ ነው።

ወደ ጎረቤቶቻችን ስንመጣ ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነጻ ስትወጣ ከመንግሥት ገቢዋ 98 በመቶ ገደማ ከነዳጅ ነበር። በጥር 2012 ከሱዳን ጋር በማስተላለፊያ ክፍያ ተጣልታ ምርቱን በሙሉ ዘጋች፤ እስከ ሚያዝያ 2013 ድረስ አልተከፈተም። ያቺ አገር መጠባበቂያ ሳታበጅ ብቸኛ ገቢዋን ዘጋች። በታኅሣሥ 2013 የእርስ በርስ ጦርነት ጀመረ። ለጦርነቱ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች አሉት፤ የባዶው ካዝና ድርሻ ግን ትንሽ አይደለም። ጁባ ውስጥ ሆቴልና ምግብ ቤት የከፈቱ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

የቻድ ታሪክ ደግሞ የእኔን ክርክር የሚፈትን ነው፤ ስለዚህ አልዘለውም። ቻድ በ1999፣ ነዳጁ ሳይወጣ፣ ሕጉን አወጣች። የዓለም ባንክ ወደ ካሜሩን ወደብ የሚወስደውን ቧንቧ የደገፈው በዚህ ሕግ ላይ ተማምኖ ነው። ከገቢው 10 በመቶ ለመጪው ትውልድ ይቀመጥ ነበር፣ ቀሪው በዋናነት ለትምህርትና ለጤና ይውል ነበር። ነዳጁ በ2003 ፈሰሰ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ መንግሥት ሕጉን አሻሽሎ የመጪውን ትውልድ ተቀማጭ ሰረዘ፣ ጸጥታንም ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ዘርፎች ውስጥ አስገባ። በ2008 የዓለም ባንክ ከፕሮጀክቱ ወጣ። ጎተራው ከመኸሩ ቀድሞ ነበር፤ ሆኖም ፈረሰ። ለምን? የጎተራው ባለቤት የቻድ ሕዝብ ሳይሆን አበዳሪው ስለነበረ ነው። በሕዝብ ውስጥ ተከራክሮበት ያልወጣ ሕግ፣ የሚነካው ሰው ሲመጣ የሚጮህለት የለውም።

ቺሊ ተቃራኒውን ታሳያለች። ቺሊ የምትሸጠው መዳብ ነው። ከ2001 ጀምሮ በጀቷን የምትሠራው በዚያ ዓመት ዋጋ ሳይሆን ከመንግሥት ውጭ ያሉ ባለሙያዎች በሚገምቱት የረጅም ጊዜ ዋጋ ነው። ዋጋው ከግምቱ በላይ ሲወጣ ትርፉ ይቀመጣል። በ2006 ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው «ገንዘቡ ሞልቷል፣ ለትምህርት ይውጣ» አሉ። የገንዘብ ሚኒስትሩ አንድሬስ ቬላስኮ አብዛኛውን ትርፍ አላወጣም፤ ክፉኛ ተጠላበት። በ2009 የዓለም ቀውስ ሲመጣና መዳብ ሲወድቅ ግን ቺሊ የማንንም እጅ ሳታይ ካስቀመጠችው 4 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ማነቃቂያ አወጣች። ተማሪ እንደመሆኔ ልቤ ከሰልፈኞቹ ጋር ነው፤ አእምሮዬ ግን ከቬላስኮ ጋር ነው።

ኖርዌይስ? እሷም በአንድ ቀን ጠቢብ አልሆነችም። ነዳጅ ያገኘችው በ1969 ነው፤ ገና ያልመጣ ገንዘብ አውጥታ በ1986 ዋጋው ሲወድቅ ተንገዳግዳለች። የፈንዱ ሕግ በ1990 ወጣ፣ የመጀመሪያው ገንዘብ በ1996 ገባ፣ የወጪው ገደብ በ2001 ተደነገገ። ነገር ግን ኖርዌይ ነዳጅ ሳታገኝ በፊት ግብር የሚሰበስብ መሥሪያ ቤትና የሚጠይቅ ፓርላማ ነበራት። የእኛ የግብር ገቢ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ከ10 በመቶ በታች ነው። ለሃያ ዓመት እየተንገዳገዱ የመማር ቅንጦት የለንም።

«ድሃ አገር ምን ይቆጥባል?»

ይህ ከሁሉ የከበደው መቃወሚያ ነው፤ በቅንነት መመለስ ይገባዋል። መንገድ የሌለው ወረዳ፣ ወንበር የሌለው ትምህርት ቤት፣ መብራት የሌለው ጤና ጣቢያ ባለበት አገር ዶላር ውጭ አገር ባንክ አስቀምጦ ጥቂት በመቶ ወለድ መልቀም ምን የሚሉት ነው? ብዙ የልማት ኢኮኖሚ ምሁራን ለእንዲህ ያለው አገር ከኖርዌይ ዓይነት ፈንድ ይልቅ አገር ውስጥ ኢንቨስት ማድረግ ይሻላል ይላሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ግን ሁለት ነገሮች እየተምታቱ ነው። ገበሬው ጎተራ የሚያበጀው እህሉን ለዘላለም ሊያይ አይደለም። ክረምቱን ሊሻገርበት ነው። የሚዘራውን ደግሞ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ዘር የበላ ቤት በሚመጣው ዓመት ምን እንደሚሆን ማንም አይነግረንም፣ እናውቀዋለን። እኔ የምለው ቁጠባ ሁለት መልክ አለው። አንዱ የክረምት እህል ነው፦ ዋጋ ሲወድቅ የተጀመረ ትምህርት ቤት ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ አጥቶ እንዳይቀር የሚያደርግ መጠባበቂያ። ሌላው ዘር ነው፦ ለመንገድ፣ ለመስኖ፣ ለመብራት የሚውል። ሁለቱም አገር ውስጥ ለሚኖር ሕዝብ ናቸው። ዛሬ ያለው አደጋ ሦስተኛው ነው፤ ደግ ዓመት ሲመጣ በዚያ ዓመት ዋጋ ልክ ቋሚ ወጪ መክፈት።

በግማሽ ቆሞ የቀረ ፕሮጀክት ዋጋ ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የስኳር ፋብሪካዎቹን ማስታወስ ይበቃል።

«የመጀመሪያው ምዕራፍ ገና ትንሽ ነው» የሚልም አለ። እውነት ነው። የካሉብ ጋዝ የታወቀው በ1970ዎቹ ነው፤ በሰኔ 2018 የሙከራ ድፍድፍ ነዳጅ ሲወጣም ብዙ ጨፍረን ነበር፣ ከዚያ ዝም አለ። ነገር ግን ትንሽ መሆኑ ለእኔ ክርክር ድጋፍ ነው። ትንሽ ገንዘብ የሚጣላበት ሰው ትንሽ ነው። ሕግ የሚወጣው ያኔ ነው።

ምን ይደረግ?

አራት ነገር አስባለሁ።

አንደኛ፣ ከጋዝና ከወርቅ የሚገኘው የመንግሥት ገቢ በበጀት ውስጥ የሚሰላው በብዙ ዓመት አማካይ ዋጋ ይሁን። አማካዩን የሚያወጡት ከገንዘብ ሚኒስቴር ውጭ ያሉ ባለሙያዎች ይሁኑ። ከአማካዩ በላይ የመጣው በብሔራዊ ባንክ በተለየ ሒሳብ ይግባ፣ የሒሳቡም ልክ በየሦስት ወሩ ይታተም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ የመንግሥት ድርጅቶችን የሚያስተዳድር ነው፤ ሥራው ሌላ ነው፣ ይህን አይተካም።

ሁለተኛ፣ ጎተራው መቼ እንደሚከፈትም ሕጉ ይናገር። እዚህም ኦሃዮ ታስተምረናለች። በ2011 ጆን ኬሲክ ገዥ ሲሆኑ የክፍለ ግዛቱ «የዝናብ ቀን» ፈንድ ውስጥ የቀረው 89 ሳንቲም ነበር። በደጉ ዓመታት ተሞልቶ ወደ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በግንቦት 2020 ወረርሽኙ ገቢውን ሲመታ ግን ገዥው ማይክ ዲዋይን ፈንዱን ለሚቀጥለው ዓመት ብለው ሳይነኩት 775 ሚሊዮን ዶላር ከበጀቱ ቆረጡ፤ ከዚህ 110 ሚሊዮኑ ከከፍተኛ ትምህርት ነበር። ዝናቡ እየዘነበ ስለ ጃንጥላው የሚከራከር አገር አየን። መሙላቱን ብቻ የሚያዝ ሕግ ግማሽ ሕግ ነው።

ሦስተኛ፣ የክልሎች ድርሻ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 98 ከነዳጅና ከጋዝ ሥራ የሚገኘውን ግብርና ሮያሊቲ ፌዴራሉና ክልሎች በጋራ እንደሚጥሉና እንደሚሰበስቡ ይናገራል። ክርክሩ ሁሌ «ስንት በመቶ» ላይ ነው። እኔ «በየትኛው ዓመት ዋጋ» የሚለውም እኩል ከባድ ነው እላለሁ። የሶማሌ ክልል ድርሻ በየዓመቱ ዋጋ የሚዘልና የሚወድቅ ከሆነ፣ የጎዴ መምህር ደመወዝ በዓለም ገበያ ሊወዛወዝ ነው። የክልሉም ድርሻ በአማካይ ይሰላ። ጋዙ ከመሬቱ የሚወጣበት አርብቶ አደር ከሁሉ በፊት የሚጠቀም፣ በመናወጡ ግን ከሁሉ በኋላ የሚነካ መሆን አለበት።

አራተኛ፣ ግልጽነት። ኢትዮጵያ ከ2014 ጀምሮ የማዕድንና የነዳጅ ገቢን በግልጽ ለማሳወቅ የቆመው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ ውስጥ አለች። ውሎቹ ይታተሙ፤ ኩባንያው የከፈለውና መንግሥት የተቀበለው ጎን ለጎን ይውጣ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ጥርጣሬ የሚጠፋው በስብከት አይደለም፣ በሰነድ ነው።

በታኅሣሥ 2023 ኢትዮጵያ የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። መንግሥት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማየት ነው ብሏል። ይሁን። ግን ጎተራ ያለው ቤት ከአበዳሪ ጋር ሲቀመጥ አቀማመጡ ሌላ ነው።

እኛስ?

ይህ የሩቅ ተመልካች ወሬ እንዳይሆን። የዚህ ማኅበር ተመራቂዎች መካከል በባንክ፣ በሒሳብ ምርመራ፣ በሕግ የምትሠሩ አላችሁ። ገና ተማሪ የሆንነው ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ እንንከራተታለን። የቺሊን ሕግ አንብቦ ለኢትዮጵያ ምን እንደሚሆን በአማርኛ፣ በሶማልኛ፣ በኦሮምኛ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ቻድን የገደላት ሕግ ማጣት አልነበረም፤ ሕጉን የእኔ የሚል ሰው ማጣት ነው። እንግዲህ «የእኔ» ማለት ከማንበብ ይጀምራል።

የራሳችንንም ማኅበር እንይ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ገንዘብ እንሰበስባለን፣ በግ እናርዳለን፣ እስከ ታኅሣሥ ሒሳባችን ይደርቃል፤ በጥር አንድ አዲስ ተማሪ የክረምት ካፖርት ሲቸግረው በግል እናዋጣለን። ከእንቁጣጣሹ መዋጮ አሥር በመቶ ለጥር ይቀመጥ ብዬ በሚመጣው ስብሰባ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሁለት መቶ ዶላር ማስቀመጥ ያልለመደ ትውልድ ሁለት ቢሊዮን ማስቀመጥን ለሌላው መምከር ይከብደዋል።

የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ረቂቁ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ የሚጸድቀውም ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። በዚያ ሰሞን ብዙዎቻችን የበጋ ዕረፍት ላይ ነን፣ ጊዜ አለን። የበጀት ሰነዱን አንድ ላይ ተቀምጠን እናንብብ፤ የወርቅና የጋዝ ገቢ በምን ዋጋ እንደተሰላ እንፈልግ። ካገኘነው እዚህ መጽሔት ላይ እንጻፈው፤ ካላገኘነው ደግሞ «ለምን የለም?» ብለን እንጻፍ። ወርቁ ዛሬ ውድ ነው፣ ጋዙም ጀምሯል። የሚቀረው ጎተራው ነው።